ስለ አሮጌውና ስለ ዐዲሱ የድረ ገጽ ማዘጋጃ

ቡናውን በፈረሱላ መሸጥ የለመደ ሰው በኪሎ ከሚጠይቅ ገዢ ጋራ ሲገናኝ፥ 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የሚያውቅ የሒሳብ ጸሐፊ ሁለቱን ያስማማል እንጂ አንደኛውን ከገበያ አያስወጣም። ዛሬም ድረ ገጽ ላላቸው ነጋዴዎች እንዲህ ያለ አስማሚ ያስፈልጋቸዋል።

ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ ማቋቋሚያ ውስጥ ጽሑፍ የሚሰናዳበት ማዘጋጃ ቀድሞ እንደ አንድ ሉክ ወረቀት ያለ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር 27 ቀን ግን 5.0 የተባለው እትም ሲወጣ፥ በታዋቂው አታሚ በጉተንበርግ ስም የተጠራ ዐዲስ ማዘጋጃ ተተካ። በዚህኛው እያንዳንዱ አንቀጽ፥ ሥዕልና ሠንጠረዥ ራሱን የቻለ ብሎክ ነው። አሮጌውን የመረጡት ደግሞ ክላሲክ ኤዲተር በተባለ ፕለጊን አማካይነት ይዘውት ቀርተዋል፤ ቍጥራቸውም ብዙ ሚሊዮን ነው።

ችግሩ የሚታየው የዋጋ ዝርዝርና የትእዛዝ መቀበያ ቅጽ በሚያወጡት ፕለጊኖች ላይ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ለሁለቱም መሥራት ድካሙን እጥፍ ያደርጋልና አሮጌው ይቅር ይላሉ። እርግጥ ነው፥ ፈተናው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ነገር ግን ፕለጊኑ ሾርትኮድ የተባለውን የቀድሞ ምልክት መቀበል ቢተው፥ በቀድሞዎቹ ገጾች ሁሉ በዋጋው ዝርዝር ፈንታ በቅንፍ የታሰረ ባዶ ቃል ይታያል። ይህን ያየ ገዢ ሱቁ የተዘጋ ይመስለዋል፤ ኪሳራውም የባለሙያው ሳይሆን የነጋዴው ነው።

መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። ዝርዝሩን የሚያሰናዳው ዋና ሥራ በአንድ ስፍራ ይቀመጣል፤ ወደ እርሱ የሚያስገቡ በሮች ግን ሁለት ይሆናሉ፤ ለአሮጌው ሾርትኮድ፥ ለዐዲሱ ብሎክ። ዋጋ ሲለወጥ አንዱን ስፍራ ማረም ይበቃል።

ስለዚህ ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ፥ ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ ፕለጊኑ በሁለቱም ማዘጋጃዎች ተፈትኖ እንዲያይ፥ የቀድሞዎቹም ገጾች እንዳይበላሹ በውል እንዲጻፍለት ይገባል። ዐዲሱን መቀበል መልካም ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት መሆን ግን የነጋዴ ጠባይ አይደለም።