ክፋቱ ከብረቱ ነውን?

«የሕፃናት ፊልም ነው፤ ምን ያከራክራል?» የምትሉን ወንድሞች፣ እኅቶችና መምህራን ሆይ፤ ያከራክራል!

በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣውን ባለ 65 ክፍል የሥዕል ፊልም «ሴንቹሪየንስ»ን እንውሰድ። ማክስ ሬይ በባሕር፣ ጄክ ሮክዌል በየብስ፣ ኤስ ማክላውድ በአየር ይዋጋሉ። የብረት ጥሩራቸው ከጠፈር ጣቢያ በጨረር ይላክላቸዋል፤ ሲያበቁ ያወልቁታል። ጠላቶቻቸው ዶክ ቴረርና ሀከር ግን ሳይቦርግ ናቸው፤ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ መኪና።

ለመሆኑ ብረት የለበሰው ጀግና፣ ብረት አካሉ የሆነው ግን ወንጀለኛ የሚሆነው በየትኛው ፍርድ ነው? ዶክ ቴረር ክፉ የሆነው ዓለምን ሊገዛ ስለተነሣ ነው። ሥዕሉ ግን ሥራውን ሳያሳየን አስቀድሞ በገላው ያስፈራራናል።

ይህ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን በተደረጉት ጦርነቶች እግራቸውን አጥተው በሰው ሠራሽ እግር የሚሄዱ ወገኖች አሉን። ልጃቸው ይህን ፊልም ሲያይ አባቱን ከየትኛው ወገን ይመድበው?

የአገራችን «ጥበብ ገርልስ» ይሻላል። (ጀግኖቹ ሴቶች ስለሆኑ የሚንቁት ካሉ፣ እነርሱን ሌላ ቀን እናነጋግራቸዋለን።) ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ድርጊት ይታገላሉ እንጂ የሰው ገላ አይታገሉም።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ብረት አያስደነግጣትም። እንግዲህ ሥዕል የምትችሉ ጓደኞቻችን፣ የብረት እግር ያለውን ጀግና ሣሉልን። በዚችው ጋዜጣ ቦታ ይሰጠው፤ ስቴንስሉም ይችለዋል።