ጫኝና አውራጁ ሲናገር የመንግሥት ሠራተኛው ለምን ዝም ይላል?



ማለዳ በመርካቶ እህል በረንዳ የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይመለስም። የጭነት መኪና ገብቶ ሲቆም ጫኝና አውራጆች ይከብቡታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ለኩንታሉ የሚከፈለውን ይናገራል፤ ባለንብረቱ ካልተስማማ ጆንያው ከመኪናው አይወርድም። ነጋዴው ያማርራቸዋል። እኛም ዕቃ ስናስወርድ አማርረናቸው እናውቃለን፤ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋሉና። ነገር ግን ኑሮ በተወደደ ቁጥር የጉልበታቸውን ዋጋ አብረው ይጠይቃሉ።

ከዚያው በረንዳ ጤፍ ልትገዛ የመጣችው የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ግን ይኸ መብት የላትም።

እንደሚታወቀው መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የነዳጅ ድጎማም ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ተደረገ። ዕዳው እንደ ከበደ፣ የባንኩና የጥቁር ገበያው ምንዛሪም እጅግ ተራርቆ እንደ ነበር አንክድም። መንግሥትም የሠራተኞቹን ደመወዝ ጨምሯል፤ ዝቅተኛው 4,760 ብር፣ በ2018 መግቢያ ደግሞ 6,000 ብር ሆነ። ግን ይኸ ሁሉ ሲቈረጥ ደመወዝተኛውን ወክሎ የተከራከረ ማን ነው?

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰንና የሥራ ግብር እንዲቀነስ ለዓመታት ጮኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢጽፍም፣ በ2017 የሠራተኞች ቀን ጥያቄው ያው ነበር። ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር በሐምሌ 2017 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የዚያ ጩኸት ፍሬ ይመስለናል።

ለነርሷ ግን ኮንፌዴሬሽኑ ሊደራደርላት አይችልም፤ አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትምና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የሙያ ማኅበራት አሉ፤ የኅብረት ስምምነት ግን አይፈራረሙም።

ውጤቱን በግንቦት 2017 አየነው። የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎች ታሰሩ፤ በሽተኛው ተንገላታ። «የሰው ሕይወት የያዘ ሥራ ማቆም የለበትም» የሚሉን አሉ። ይሁን። ታዲያ ሥራ ማቆም ለተከለከለ ሰው የሚደራደርበትና የሚዳኝበት ስፍራ ይበልጥ አያስፈልገውምን?

በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራንም በትምህርት ሴክተር ሪቪው ምክንያት አድማ መቱ። የካቲት 28 ቀን የዚያ ዘመን የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ አድማ አውጆ አራት ቀን ቆየ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ የደመወዝ ወለል ነበር። የዩኒቨርሲቲያችን ታላላቆች በዚያ ዘመን የጮኹት ለሌላው ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን ተመርቀን የምንገባው መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ፣ ነገሩ የራሳችን ነው።

ስለዚህ የሕግ መምህሮቻችን አንቀጽ 42ን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስፈጽም ሕግ ምን መምሰል እንዳለበት ለሚቀጥለው ዕትም እንዲጽፉልን እንለምናለን። ሁለት ገጽ ትተንላቸዋል።