ሀገር ከመስጠት በፊት

«እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» ከዚህ ጥሪና ምላሽ በኋላ የሚከተለው ቢመጣስ፦

ሺህ ዓይን ተቸሮ አንድም አያይበት፣
ምርቱን ለግሶ ግርዱ ቀረበት።

ሁለቱ ስንኞች ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የተገጠሙ ናቸው። ስለዚህ መልሱን ከአያቱ ሰምቶ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ብዙዎች በመጀመሪያ «እንጀራ» ይላሉ ብዬ እገምታለሁ። በቋንቋችን ዓይን አለው የሚባለው ምግብ እሱ ነው፤ የጋጋሪዋም ሙያ የሚታየው በዓይኑ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ያለ ችግር ያሳልፈዋል። ሁለተኛው ግን ይመልሰዋል፤ እንጀራ ለማን ምን ለግሶ ምን ቀረበት? ግምቱ ወደቀ፤ ሲወድቅ ግን ምርትና ግርድ የሚለያዩበትን ቦታ ፈልጉ ብሎ መንገድ ጠቁሟል። ሐሳብ ወደ ሰፌድ ይሄዳል። ሰፌድ ዓይን የለውም፤ ሥራውም የተገላቢጦሽ ነው፣ ገለባውን አራግፎ እህሉን ያስቀራል። እንግዲህ የምንፈልገው ቀዳዳው የበዛ፣ ደህናውን ወደ ታች አሳልፎ የማይረባውን ይዞ የሚቀር ዕቃ ነው። ከወፍጮ ቤት የመጣው ዱቄት የሚነፋበት ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

አሁን ደግሞ አንድ ልጅ ተነስቶ «የለም፣ የማር እንጀራ ነው» ይበል። ነገሩን እንየው። የማር እንጀራ ዓይኑ ስፍር ቁጥር የለውም፤ አያይም፤ ማሩ ተጨምቆ ሲወጣ ሰፈፉ ይቀራል። ሰፈፉ ራሱ እንጀራው ስለሆነ «ቀረበት» ለማለት አይመችም የሚል ተከራካሪ ሊነሳ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ግርድ የሚባለው በእህል ነው እንጂ በማር አይደለም ይላል። ይበሉ። ልጁም ይመልስላቸው። እኔ ዳኛ ብሆን ነጥቡን እሰጠዋለሁ፤ ጠያቂው ወንፊት አስቦ መጠየቁ የልጁን መልስ ስህተት አያደርገውም። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው። እንቆቅልሽን በባህል ቀን መድረክ ላይ ብቻ ከምናስታውሰው የማመዛዘን ትምህርት አድርገን ክፍል ውስጥ እናስገባው፤ ሲገባም ከጠያቂው ልብ ውስጥ ካለው የተለየ፣ ግን እያንዳንዱን ስንኝ የሞላ መልስ እንደ ትክክል ይቆጠር። ዛሬ እንቆቅልሽ በልጆች መጻሕፍት ሲታተም «መልስ» የሚለው ቃል ከሥሩ ተቀምጦ ይጠብቃል። ልጁ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ መንገድ አንድ መቶ እንቆቅልሽ ያወቀ ልጅ አንድም አልፈታ ይሆናል።

ይህ በክፍል ውስጥ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ካቺሲን እንውሰድ። የግንደ በረት ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአምቦ በስተሰሜን፣ ምድሩ ወደ አባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። ወዲህ ያለው ልጅ እቤቱ የሚሰማው ሂቦ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ እንቆቅልሽ የሚጠራበት ስም ነው። ትምህርቱም በኦሮሚያ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በቁቤ በሚጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ደግሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል። ሂቦም እንቆቅልሽም ጠያቂና ተጠያቂ ያላቸው፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ሀገር የሚያስከፍልባቸው ጨዋታዎች ናቸው። ለመምህር ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም። ወንፊት በአፋን ኦሮሞ ጊንጊልቻ ነው፤ እንቆቅልሹ ወደዚያ ሲሻገር ምን ይተርፋል? ሥራው ይተርፋል፣ ጊንጊልቻም ዱቄቱን ሰጥቶ ግርዱን ይይዛል። ቤት መምታቱ ግን እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ቀዳዳን «ዓይን» ብሎ መጥራትስ በዚያኛው ቋንቋ ያስኬዳል ወይ? ይህን ራሱን ልጆቹ ይከራከሩበት። በነገሩ ላይ የቆመ እንቆቅልሽ ወንዝ ይሻገራል፤ በቃሉ መንታ ትርጉም ላይ የቆመው ግን ዳር ላይ ይቀራል። አንድን ልጅ የቋንቋን አሠራር ለማስተማር ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ቤት መምታቱ ጌጥ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ትንሽ ልቆይበት። ከላይ ባሉት ስንኞች ውስጥ ወንፊቱን የሸሸጉት ቃላት «ተቸሮ»፣ «ለግሶ» እና «ቀረበት» ናቸው። ሦስቱም የሰው ግሦች ናቸው። አድማጩ ሳያስበው አንድ ደግ ግን ያልታደለ ሰው በዓይነ ኅሊናው ይስላል፤ ደግነቱ የጎዳው፣ ሰጥቶ ሰጥቶ ባዶ የቀረ ሰው። «አያይበት» ብሎ «ቀረበት» ሲል ድምፁ ራሱ ያሳዝናል። ኀዘኑ ደግሞ ወጥመድ ነው፤ ስለ ሰው እያሰብን ጓዳ ያለውን ዕቃ እናልፈዋለን። ፈቺው «ለገሰ» የተባለው «ነፋ» መሆኑን ሲያውቅ ግጥም የማንበብን ግማሽ መንገድ ሄዷል። አርስጣጣሊስ በንግግር ጥበብ መጽሐፉ ከጥሩ እንቆቅልሽ ጥሩ ዘይቤ ይገኛል ያለው ለዚህ ይመስለኛል። የቅኔ ተማሪም ሰሙን ገፎ ወርቁን ሲያወጣ የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ የቅኔው ወርቅ እዚያው ከሰሙ ጋር መነገሩ፣ የእንቆቅልሹ ግን ሳይጠራ መቅረቱ ነው።

መልሱ አንድ ካልሆነ ጨዋታው ሥርዓት ያጣል፣ መምህሩም ሥልጣን የሚባል አይኖረውም ይባል ይሆናል። እንጀራ መውደቁን አንርሳ። ሁሉም መልስ ትክክል ነው የሚል እዚህ የለም፤ ፈራጆቹ ስንኞቹ ናቸው፣ መምህሩ ደግሞ ስንኙ ምን እንደሚል የሚያስከብር ዳኛ ነው። ሥልጣኑ እንዲያውም ከፍ ይላል፤ «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» ከማለት አልፎ «የቱ ጋ ተሳሳትክ?» ማለት ይችላል። በእንግሊዝ በኤክሰተር ካቴድራል የሚገኝ፣ በ10ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የብራና መጽሐፍ አለ፤ በግጥም የተጻፉ ዘጠና ያህል እንቆቅልሾችን ይዟል፣ መልስ ግን አልተጻፈላቸውም። ሊቃውንት አንዳንዶቹን እስካሁን ይከራከሩባቸዋል፤ ተራ የቤት ዕቃ ይሁን ሌላ ነገር ያልተስማሙባቸው አሉ። መጽሐፉ ሥርዓት አላጣም፤ ከሺህ ዓመት ያህል በኋላም አንባቢ አላጣም።

የዚህ ተቃራኒው በመጽሐፈ መሳፍንት ያለው የሶምሶን እንቆቅልሽ ነው። ከገደለው አንበሳ በድን ውስጥ ማር ማግኘቱን ለማንም ሳይናገር፣ ይህንኑ ለሠርጉ እንግዶች በሠላሳ ልብስ መያዣ ጠየቃቸው። በሰባት ቀን ውስጥ በሐቀኛ መንገድ ሊፈቱት የሚችሉበት ፍንጭ አልነበረም፤ መልሱ በጠያቂው ሕይወት እንጂ በጥያቄው ውስጥ አልነበረምና። ሚስቱን አስፈራርተው አወጡት። ብዙ የክፍል ጥያቄዎቻችን የሶምሶን ዓይነት ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ተማሪው የሚጠየቀው ነገሩን ሳይሆን መምህሩ ያሰበውን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ያመጣው እንቆቅልሽ መረሳቱ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ በጊዜው የነበረው ጦርነትና የመምህራን ኑሮም አለበት። ግን ያልሸመደደው ጥያቄ ፊት የቆመ ተማሪ ምን ያደርጋል የሚለውን ቁጥሩ ይጠይቀናል። እንጀራ ብሎ ጀምሮ ወደ ሰፌድ፣ ከሰፌድ ወደ ወንፊት መሄድን የተለማመደ ልጅ ቢያንስ የሚጀምርበት አያጣም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ጊዜንና ስድብን የሚመለከት ነው። ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ለጨዋታ ጊዜ ከየት ይመጣል? ወንፊቱን ለመፍታት ከላይ የፈጀነው ጊዜ ግን አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ወረቀት፣ መብራትና ኢንተርኔትም አልጠየቀም። እንዲያውም ተማሪ ሲበዛ የተሳሳተ ግምት ስለሚበዛ ጨዋታው ይደምቃል። ስድቡን በተመለከተ ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው። መልስ ያጣው «ሀገር ስጠኝ» ሲባል አንድ ከተማ ይሰጣል፤ ጠያቂውም ከተማውን ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ካሞገሰ በኋላ ወደ ተሸናፊው ዞሮ ይሰድበዋል። በመልክ፣ በአካል ጉዳት ወይም በወላጅ ሙያ የሚመጣ ስድብ በክፍል ውስጥ ቦታ የለውም፤ ይቅር። ሀገር መስጠቱ ግን ይኑር። አላወቅሁም ማለት የማያሳፍርበት፣ ዋጋ ተከፍሎበት መልስ የሚገኝበት ሌላ ሥርዓት በትምህርት ቤቶቻችን የለንም። ዝም ያለ ተማሪ ምንም አይከፍልም፣ ምንም አያገኝም። አምቦን የሰጠ ልጅ ግን ተፋልሞ ነው የሰጠው፤ መልሱንም ሲሰማ «እንዴት አመለጠኝ!» ይላል።

ስልኩ አለ፣ ጽፎ መፈለግ ነው የሚሉም አሉ። የታወቁትን እንቆቅልሾች አዎ፣ መልሳቸው በአንድ ጊዜ ይመጣል። መፍትሔው አዳዲስ መግጠም ነው፤ ያውም በልጆቹ በራሳቸው። አንድ ዕቃ መርጦ፣ ሥራውን አይቶ፣ ስሙን ሳይጠሩ በሁለት ቤት በሚመታ ስንኝ መደበቅ ከመፍታት ይከብዳል፤ ጓደኛ ያላሰቡትን መልስ ሲያመጣ ደግሞ ገጣሚው ስንኙን ለማጥበቅ ይገደዳል። የእኔው «ግርዱ ቀረበት» ለማር እንጀራ በር የከፈተው ላልቶ ስለተገጠመ ነው። የካቺሲ መምህር በአማርኛው ክፍለ ጊዜ የሚጀምርበት ቢፈልግ አንድ ልጨምር፦

አሳምሮ ውሎ እልፍኝ ከጓዳ፣
ከበር ኋላ ያድራል ልክ እንደ ባዳ።

መልሱ በዚህ ገጽ ግርጌ የለም።