አፈር የሕያዋን ማኅደር

አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት መፈጠሩን እንዳስተማሩን፣ አፈርም ቢመረመር ከደቀቀ ዐለት፣ ከበሰበሰ ዕፅዋት፣ ከውሃና ከአየር የተዋሐደ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቃን ፍጥረታት የሚኖሩበት ማኅደር ነው። በሆላንድ አገር፣ ከሮተርዳም በስተምሥራቅ ያለችው ካፔለ አን ደን አይሰል ከሸክላ አፈርና በረግረግ ውስጥ በብዙ ሺህ ዘመናት ከተከማቸ የዕፅዋት ርጋፊ በላይ የቆመች ናት፤ ይህም ርጋፊ ውሃው ሲንጠፈጠፍ አየር ገብቶበት ስለሚበሰብስ ምድሪቱ እያደር ትሰምጣለች። በአቅራቢያዋ በዛውድፕላስ የቀደሙት ሰዎች ይህንኑ የዕፅዋት ርጋፊ ለማገዶ ቆፍረው ስላወጡት፣ ስፍራው ሐይቅ ሆኖ ኖረ፤ በ19ኛው ምእት ዓመት ውሃው ተመጥጦ ቢደርቅም፣ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ከ6 ሜትር በላይ የወረደ ቦታ ይገኝበታል።

እነርሱ አፈራቸውን ለማገዶ እንዳዋሉት ሁሉ፣ እኛም ለእርሻችን ሲሳይ የሚሆነውን ፍግ ኩበት አድርገን ስናነድ፣ የልጆቻችንን ርስት እናቃጥላለንና፣ መንግሥት ለገበሬው ሌላ ማገዶ ሊያዘጋጅለት፣ ፍጉም ወደ ማሳው ሊመለስ ይገባል።