በፋብሪካው በር ላይ ካልተያዘ



ስለ አቃቂ ወንዝ ክርክር በተነሣ ቁጥር «ውሃው ኬሚካል አለበት» ሲባል እንሰማለን። ውሃም ራሱ ኬሚካል ነውና ይህ አነጋገር አይበቃም። ሊጠየቅ የሚገባው፥ በወንዙ ውስጥ የምንፈራው ነገር ውሁዱ ነው ወይስ ንጥረ ነገሩ? የሚለው ነው። ጥያቄው የፈተና ጥያቄ ቢመስልም መፍትሔውን የሚወስነው እርሱ ነው።

ውሁድ የንጥረ ነገሮች ጥምረት ነው፤ ጥምረቱ ከፈረሰ ውሁዱ ያከትማል። ስኳር ሲቃጠል ስኳርነቱ ይቀራል። ንጥረ ነገር ግን በእሳትም በአሲድም በባክቴሪያም አይፈርስም፤ ጓደኛውን ይለውጣል እንጂ ራሱ አይጠፋም። የወጣችን ጨው፥ ውሃ ሲነካው የሚነድ ሶዲየምና መርዘኛ ጋዝ የሆነው ክሎሪን የተጣመሩበት ውሁድ ነው። ጠባዩ ከሁለቱም የራቀ ነው፤ ሶዲየሙ ግን ከውስጡ አልወጣም።

ይህን ወደ ቆዳ ፋብሪካዎች እናምጣው፤ በትንሹ አቃቂ ዳር ተተክለዋልና። ጠጉሩን ለማርገፍ ሶዲየም ሰልፋይድ፥ ቆዳውን ለማልፋት ደግሞ ክሮሚየም ሰልፌት ይጠቀማሉ። ሰልፋይዱ አሲድ ሲያገኘው እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ነገር ግን ውሁድ ነው፤ አየር በደንብ ከተነፋበት ኦክሲጅን ይዞ፥ በጄሶ ውስጥ ወዳለው ወደ ሰልፌት ሊለወጥ ይችላል። ክሮሚየም ግን ንጥረ ነገር ነው። በተለመደው አሠራር ሲሶ ያህሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል።

አንዳንዶች «ፍሳሹ ሁሉ በቧንቧ ቃሊቲ ወደሚገኘው ማጣሪያ ይግባና ነገሩ ይለቅ» ይላሉ። የቃሊቲው ማጣሪያ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ የሽንት ቤትን ውሁድ በልቶ ያፈርሳል፤ ክሮሚየምን ግን አያፈርስም። ከውሃው ቢለይም ወደ ዝቃጩ ይዛወራል እንጂ የትም አይሄድም።

ሌሎች ደግሞ «የፋብሪካው ክሮሚየም ባለ ሦስት ቫሌንስ ስለ ሆነ ብዙም አይጎዳ» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ካንሰር የሚያመጣው ባለ ስድስቱ ነው፤ በማይዝገው ድስታችን ውስጥ ያለውም ክሮሚየም አላሳመመንም። ሆኖም በአፈር ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ባለ ሦስቱን ወደ ባለ ስድስት ሊለውጠው ይችላል። በወንዙ ውሃ በሚለሙት የአቃቂ የአትክልት ማሳዎች፥ በሰላጣውና በቆስጣውም ጭምር፥ ተመራማሪዎች ክሮሚየም ማግኘታቸውን ዘግበዋል። አትክልቱም የሚሸጠው ለአዲስ አበባ ሕዝብ ነው። ንጥረ ነገሩ በአፈሩ ውስጥ እስካለ ድረስ፥ ነገ ከማን ጋር እንደሚጣመር የሚመርጠው ፋብሪካው አይደለም።

እንግዲህ ውሁድን ከወንዙ በታች ማፍረስ ይቻል ይሆናል፤ ንጥረ ነገር ግን በፋብሪካው በር ላይ መያዝ አለበት። መንገዱም የታወቀ ነው፤ የክሮሚየሙ ፍሳሽ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ይጠራቀማል፤ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩም በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ቆዳ ለማልፋት እንደ ገና ያገለግላል። ለወንዙ መርዝ የሆነው ለፋብሪካው ንብረት ይሆናል።

ስለዚህ «ማጣሪያ ተሠርቷል» ሲሉን ማመስገን ብቻ አይበቃንም። «ምኑን ያፈርሳል? የማይፈርሰውንስ ማን ይይዘዋል?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ ይበቃል።