ስስ በረዶ፣ የተዘጋ አውራ ጎዳና፦ ኢየሩሳሌም ከኤልፒስ ማዕበል ምን ትማራለች?

ረቡዕ ጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ምሽት በኢየሩሳሌም ላይ በረዶ መጣል ሲጀምር ከተማዋን ከባሕር ዳርቻው ሜዳ ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ ዋና ዋና መንገዶች፣ ቁጥር 1 እና ቁጥር 443፣ ለተሽከርካሪ ተዘጉ። የአውቶቡስ አገልግሎት ተቋረጠ፤ በማግስቱ ሐሙስ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ዋሉ። ለልጆች ቀኑ በዓል ነበር። የሌሊት ፈረቃ ለነበራቸው የሆስፒታል ሠራተኞች፣ ማለዳ ቢሮ ለሚያጸዱና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ሰዎች ግን በረዶው ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ሥራቸው እንደ ወትሮው ይጠብቃቸዋል፣ ወደ ሥራቸው የሚያደርሳቸው አውቶቡስ ግን የለም።

በሰሜን አውሮፓ ከተሞች የዕለት ኑሮን ሳያናጋ የሚያልፍ የበረዶ መጠን ኢየሩሳሌምን ስለ ምን ያቆማታል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አልተዘጋጁም» የሚል ነው። ይህ መልስ ከፊል እውነት ቢኖረውም ጉዳዩን አይጨርሰውም። ነገሩ የመልክዐ ምድር፣ የገንዘብ ስሌት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው። ከዚያም ቀጥሎ ብዙም የማይጠየቅ ጥያቄ ይመጣል፦ ከተማ ስትቆም የመቆሟን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ዳገቱና ውርጩ

ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ ከ750 እስከ 800 ሜትር ከፍታ ባላቸው ኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከቴል አቪቭ የሚነሣ አሽከርካሪ በሻዓር ሃጋይ ሸለቆ ገብቶ እስከ ካስቴል ጫፍ ዳገት ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ሞጻ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ከተማዋ መግቢያ እንደገና ይወጣል። በደረቅ ቀን ይህ የጥቂት ደቂቃ ጉዞ ነው። በበረዶ ቀን ግን አንድ የጭነት መኪና ዳገቱ ላይ ተንሸራቶ መንገዱን ከዘጋ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። በረዶ የሚጠርገው ተሽከርካሪም ከቆሙት መኪናዎች ኋላ ስለሚቀር ወደ ችግሩ ቦታ መድረሻ ያጣል። መንገዱን ለሰዓታት የሚዘጋው እንግዲህ በአብዛኛው በበረዶው ላይ የቆመው መኪና ነው።

በረዶ የሚለው ቃላችን ራሱ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከጎንደርና ከስሜን ተራሮች የመጡ ወገኖቻችን በረዶ ሲሉ አዝመራ የሚያወድመውን፣ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውን ጠጣር ያስባሉ። እንደ ጥጥ ብናኝ በቀስታ የሚወርደውን አባቶች አመዳይ ይሉታል፤ ሌሊት መሬት ላይ የሚጋገረው ደግሞ ውርጭ ነው። ለመንገድ ደኅንነት ልዩነቱ ትልቅ ነው። በኢየሩሳሌም አመዳይ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ስለዚህ ርጥበት የበዛበት፣ ከባድና ፈጥኖ የሚቀልጥ ይሆናል። ቀን የቀለጠው ውኃ በአስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ሌሊት ሰማዩ ሲጠራና ቅዝቃዜው ሲበረታ ይጋገራል። በማግስቱ ማለዳ ዐይን የማያየው ስስ ግግር ከጣት ርዝመት በረዶ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጨው ውኃ የሚጋገርበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርጋል፤ ግግሩ ከመፈጠሩ በፊት ከተበተነም በጥቂት መጠን ብዙ ይሠራል። በዓለም እጅግ ጨዋማ ከሆኑት የውኃ አካላት አንዱ የሆነው የጨው ባሕር ከኢየሩሳሌም ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ጨው አልጠፋም። የሚያንሰው ጨዉን በሰዓቱ የሚበትን መኪና፣ በረዶ ላይ መንዳት የለመደ ሾፌርና የክረምት ጎማ ነው። በእስራኤል የክረምት ጎማ ግዴታ አይደለም። በከተማዋ ጠባብና ተዳፋት መንገዶች የሚመላለሱት ረጃጅም አውቶቡሶች ደግሞ ለመንሸራተት ከሁሉም የቀረቡ ናቸው። በዓመት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለበርካታ ዓመታት ከነጭራሹ ለማይመጣ እንግዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎችን ገዝቶ ማቆየት ማንም የበጀት ኃላፊ በቀላሉ የሚፈርምበት ወጪ አይደለም። ይህን ማለት ሰበብ ማቅረብ አይሆንም፤ ስሌቱን ግን ማወቅ ያሻል።

ከ2013 የተወሰደው ትምህርት

የአሁኑ አሠራር መነሻ ዲሴምበር 2013 ነው። በዚያ ወር አጋማሽ በኢየሩሳሌምና በዙሪያዋ እስከ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ በረዶ ወረደ። ትንበያው ቀድሞ ቢነገርም መንገዶቹ ክፍት ስለነበሩ ሰዎች በረዶውን ለማየት ጭምር ወደ ከተማዋ ወጡ። በመንገድ ቁጥር 1 እና 443 ላይ በርካታ ተሽከርካሪዎች ተያዙ። ከመኪናቸው የወጡ ብዙ ሰዎች በከተማዋ መግቢያ በሚገኘው በብኒያኔ ሃኡማ የጉባኤ አዳራሽ አደሩ፤ ሠራዊቱም ከባድ ተሽከርካሪዎቹን ለነፍስ አድን ሥራ አሰማራ። ዛፎች በበረዶው ክብደት ተሰብረው በኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ወደቁና በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መብራት አጡ። በሰንበት የማይንቀሳቀሰው ባቡር እንኳ ከከተማዋ መውጣት ላቃታቸው ተጓዦች ሲባል በቅዳሜ ሠራ።

ከዚያ በኋላ መመሪያው ተለወጠ። በጃንዋሪ 2015 በረዶ ሲተነበይ ፖሊስ መንገዶቹን የዘጋው መኪናዎች ከመያዛቸው በፊት ነበር። በ2022ም የሆነው ይኸው ነው። ብዙዎች «ገና ለገና መንገድ ይዘጋሉ» ብለው ቅር ቢሰኙም የ2013ን ሌሊት በመኪና ውስጥ ያሳለፈ ሰው ይህን ቅሬታ አይጋራም። ባዶ መንገድን ጠርጎ፣ ጨው በትኖ በማግስቱ መክፈት ይቻላል። መኪና የሞላበትን መንገድ ግን መጀመሪያ ሰዎቹን ማውጣት፣ ቀጥሎ መኪናዎቹን መጎተት፣ በመጨረሻም በረዶውን መጥረግ ያስፈልጋል። በ2013 ለቀናት የዘለቀው መዘጋት በ2022 ባጠረ ጊዜ ያለፈው የበረዶው መጠን ስላነሰ ብቻ ሳይሆን ይህ ቅደም ተከተል ስለተስተካከለም ነው።

አንድ ማዕበል፣ ሦስት ከተሞች

ኤልፒስ በግሪክ ቋንቋ «ተስፋ» ማለት ነው። ማዕበሉ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ያለፈባቸው ሁለት ከተሞች ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ሌሊት አሳልፈዋል። ጃንዋሪ 24 በአቴንስ አቲኪ ኦዶስ በሚባለው ባለክፍያ አውራ ጎዳና ላይ ሺዎች በመኪናቸው ውስጥ ታገቱ፤ ወታደሮችም ሊያወጧቸው ተላኩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪርያኮስ ሚትሶታኪስ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። መንገዱን የሚያስተዳድረው ኩባንያም ለታገተ ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ 2,000 ዩሮ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዕለት የኢስታንቡል ትልቁ አየር ማረፊያ በረራ አቆመ፤ የአንድ የዕቃ መጋዘን ጣሪያም በበረዶው ክብደት ተደረመሰ። ቱርክ የንግድ ተሽከርካሪዎች በክረምት ወራት የክረምት ጎማ እንዲገጥሙ በሕግ ታስገድዳለች። ያም ሆኖ የኢስታንቡል መንገዶች ተጨናነቁ። ጎማ ብቻውን መልስ እንደማይሆን ከዚህ እንረዳለን።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን ግን በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ አትላንታ ናት። ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 በዚያች ከተማ የወረደው በረዶ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። በረዶው መውረድ ሲጀምር ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሁሉም በቀትር አካባቢ፣ በአንድ ጊዜ ሠራተኞቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን አሰናበቱ። መላው ከተማ በአንድ ሰዓት ወደ መንገድ ወጣ። ጨው የሚበትኑት መኪናዎች በጭንቅንቁ መካከል ተቀረቀሩ፤ ከጎማ ሥር የቀለጠው በረዶ መልሶ ተጋገረ፤ ሺዎች ሕፃናት በትምህርት ቤት አደሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ማዕበል ሲመጣ ግን ሰው አስቀድሞ ቤቱ ስለቀረ መንገዶቹ ባዶ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ትርምስም አልተደገመም። ከተማዪቱ ያው ናት፤ የተለወጠው ሰው የወጣበት ሰዓት ነው።

በመሬት ውስጥ የሚያልፈው በር

ከ2013 ወዲህ ኢየሩሳሌም ያገኘችው ትልቁ ነገር ፈጣኑ ባቡር ነው። በ2018 እስከ ቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ የተከፈተው፣ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ቴል አቪቭ የደረሰው ይህ መስመር ተራራውን በረጃጅም ዋሻዎች ይሰነጥቃል፤ ከእነዚህም ረጅሙ 11 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በከተማዋ መግቢያ ያለው የይጽሐቅ ናቮን ጣቢያ ከመሬት በታች ወደ 80 ሜትር ጥልቀት አለው። በዋሻ ውስጥ በረዶ አይወርድም። ስለዚህ የላይኛው መንገድ ሲዘጋ ከተማዋ ከአገሩ ጋር የምትገናኝበት በር አላት።

ነገር ግን ይህ በር ሁለት ወሰን አለው። አንደኛ፣ ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ በ2013 እንደሆነው መስመሮች ከተበጠሱ እርሱም ይነካል። ሁለተኛውና ለአብዛኛው ሰው የሚከብደው፣ ጣቢያው የጉዞው መጨረሻ አለመሆኑ ነው። ከናቮን ጣቢያ የወጣች ሠራተኛ ወደ ኪርያት ሜናሔም፣ ወደ ጊሎ ወይም በዔን ከረም ኮረብታ ላይ ወዳለው ሃዳሳ ሆስፒታል መድረስ አለባት። በ2022 አውቶቡስ ሲቆም ፈጣኑ ባቡር እስከ ከተማዋ ደጃፍ አድርሶ ይተዋት ነበር።

የመቆሙ ዋጋ በማን ላይ ይወድቃል?

መንገድን አስቀድሞ መዝጋት ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብለናል። ትክክለኛ ውሳኔም ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም እኩል አይከፋፈልም። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው መንገዱ ሲዘጋ ከቤቱ ሆኖ ይሠራል፤ ደመወዙም አይነካም። ወለል የሚያጸዳ፣ ምግብ የሚያበስል፣ በጥበቃ የሚቆም ወይም አረጋዊ የሚያነሣና የሚያስተኛ ሰው ሥራውን ወደ ቤቱ ሊያመጣው አይችልም። በሰዓት የሚከፈለው ከሆነም ያልሠራው ሰዓት ከኪሱ ሊጎድል ይችላል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቀን ልጆቿን የምታስቀምጥበት ያጣች እናት ጭንቀቷ እጥፍ ነው። ከማኅበረሰባችን ብዙዎች የሚሠሩት በእነዚህ ሙያዎች እንደመሆኑ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል።

አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል። የቀን ገቢው እንዳይቀርበት የሚሰጋ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶም ከቤቱ ይወጣል፤ በእግሩ በግግር ላይ ይሄዳል፤ ወይም በአሮጌ ጎማ ዳገቱን ይሞክራል። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ማሳሰቢያ የሚከበረው ሰዎች ሳይጎዱ ሊያከብሩት ሲችሉ ነው። ስለዚህ በበረዶ ቀን የሚከፈለው ደመወዝ ጉዳይ ከመንገድ ደኅንነት ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው የስካንዲናቪያን መሣሪያ ሁሉ መግዛት አይደለም። አነስተኛ ግን አስቀድሞ የታሰበ ሥራ ብዙ ይለውጣል።

ቀዳሚው መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሰው የሚለቁበትን ሰዓት ማከፋፈል ወይም ውሳኔውን ከዋዜማው ማሳወቅ ነው፤ የአትላንታ ትምህርት ይህ ነው። ሁለተኛው ጥቂት የአውቶቡስ መስመሮችን መርጦ በማናቸውም ሁኔታ ክፍት ማድረግ ነው፤ ባቡር ጣቢያውን ከሆስፒታሎችና ከትላልቅ ሰፈሮች የሚያገናኙ፣ ጨውና መጥረጊያ መጀመሪያ የሚደርሳቸው፣ አጫጭር አውቶቡሶች የሚመደቡላቸው መስመሮች። ሁሉንም መንገድ ለማዳን ሞክሮ ሁሉንም ከማጣት አምስቱን በእርግጠኝነት ማዳን ይሻላል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያው በዕብራይስጥ ብቻ እንዳይቀር፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በሩስኛም ከዋዜማው እንዲደርስ ነው። አራተኛው አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የበረዶ ቀን ክፍያን ፀሐይ ባለበት ወቅት ተስማምተው በጽሑፍ እንዲያኖሩት ነው።

አንባቢም ለራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ትንበያ ሲሰማ በማግስቱ ፈረቃ መኖር አለመኖሩን ከአሠሪው በጽሑፍ መልእክት ይጠይቅ፤ መልሱንም ያስቀምጥ። የግድ መንዳት ካለበት ውኃ፣ ብርድ ልብስና የተሞላ ስልክ ይያዝ። መኪናው ከተቀረቀረ ሊጠርጉ የሚመጡትን እንዳይዘጋ በተቻለው መጠን ወደ ዳር ያውጣ። በረዶው ቆሞ ሰማዩ በጠራበት ማለዳም ይጠንቀቅ፤ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ቢታይም ውርጩ ገና አልለቀቀ ይሆናል።

በረዶው ቀልጦ ወደ ሸለቆው ወርዷል። በሚቀጥለው ክረምት ሊመለስ ይችላል፤ ለዓመታት ላይመለስም ይችላል። ጥያቄው ከበረዶው ጋር አብሮ እንዳይቀልጥ ያሰጋል። መንገዱን በጊዜ መዝጋት ከ2013 ወዲህ ተለምዷል። የቀረው በዚያ ምሽት ከሆስፒታል በር ላይ ቆማ አውቶቡስ የምትጠብቀው ሠራተኛ በምን ወደ ቤቷ እንደምትመለስ አስቀድሞ ማሰብ ነው።