የመልስ ምት፦ ሁለት ካርድ ለጌም አይበጅም

«ለጌም ኮምፒውተር ሁለት ግራፊክስ ካርድ የሚሸከም ማዘርቦርድ ግዙ» ተብሎ የተጻፈው ምክር ጊዜው አልፎበታል። ኤንቪዲያ ከ2021 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ሁለት ካርዶችን አጣምሮ ለሚያሠራው ኤስኤልአይ አዲስ የድራይቨር ፕሮፋይል ማዘጋጀት አቁሟል፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ደግሞ ካርዶቹን የሚያገናኘው ኤንቪሊንክ ጭራሽ የለውም። በዳይሬክትኤክስ 12 ሁለት ካርድ ማሠራት የጌሙ ሠሪ ፈንታ ነው፤ የሚደክምበትም ጥቂት ነው።

«ሁለተኛውን ቀስ ብዬ እጨምራለሁ» የሚል ይኖራል። ሆኖም ሁለት ካርድ በሚሸከም የተለመደ ማዘርቦርድ ሁለቱ ካርዶች ከፕሮሰሰሩ የሚመጡትን 16 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ስምንት ስምንት ይካፈላሉ። እንደ አዳማና መተሐራ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሙቀት ላይ ሁለተኛ ካርድ ሲጨመር ሳጥኑ ይግላል፤ የመብራት ፍጆታውም ያሻቅባል። ለሦስት ዲ ሥራ ሁለት ካርድ መጥቀሙ እውነት ነው። ለጌም ግን የአዳማ ወጣት ገንዘቡን በአንድ ጠንካራ ካርድ፣ በአስተማማኝ ፓወር ሰፕላይና በደንብ በሚቀዘቅዝ ማዘርቦርድ ላይ ያውል።